በመኮንን ሌንስ የታረቅን ዕለት

የበደለኝ ሰው መኮንን ይባላል። ስሙን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ሰው ወሬ ሲጀምር «አንድ ሰው ነበር» እያለ ሲያዞረኝ ስለማልወድ ነው። መኮንን ነው። እስራኤል አገር፣ ቤር ሼቫ ከተማ፣ ሽኩና ሄ በሚሉት ሰፈር፣ እኔ ባለሁበት ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። እኔ ሁለተኛው ላይ ነኝ። ቀን ቀን የገበያ አዳራሽ በር ላይ ቆሞ የሰው ቦርሳ ይፈትሻል፤ ሰርግ ሲኖር ደግሞ ፎቶ ያነሳል። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለኝ። ክፉ አይደለም። ሕንጻችን ሊፍት የለውም፤ የገበያ ዕቃዬን ተሸክሞ የሚያወጣልኝ እሱ ነው። ደግ ሰው ሲበድላችሁ መራገም እንኳን አይመችም። አፍ ላይ ይንቀዋለላል።

ነገሩ የመጣው በሌንሱ ነው። ሌንስ ስል ካሜራው ፊት ላይ የሚሰካውን መስታወት ማለቴ ነው። የመኮንን ግን መስታወት ነው ብላችሁ አታምኑም፤ ክንድ ያህላል። ነጭ ነው፣ ረጅም ነው፣ ከባድ ነው። «ሰባ ሁለት መቶ» ብሎ ነው የሚጠራው፣ እንደ ልጅ ስም። ከሰባ እስከ ሁለት መቶ ይሳባል ማለት ነው አለኝ። ምኑ ነው ሰባ፣ ምኑ ነው ሁለት መቶ ብዬ ብጠይቀው ሚሊሜትር አለ። እኔ ሚሊሜትር ምን ያደርግልኛል? ቁም ነገሩ ሩቅ ያለውን ቅርብ ያደርጋል። ሆዱ ውስጥ ደግሞ ማረጋጊያ የሚሉት አለው። እጅህ ቢንቀጠቀጥ እሱ ውስጥ ለውስጥ ይንቀሳቀስና ያቃናልሃል፤ ፎቶው አይደበዝዝም። ይህን ሲነግረኝ የራሴን እጅ አየሁት። ሻይ ስይዝ ብርጭቆው ከሰሃኑ ጋር ሲያወራ ጎረቤት ይሰማል። ለሰውም አውጥተውለት ቢሆን ምን ነበረበት አልኩት። ሳቀ።

ሌንሱን የሸጠለት ቦሪስ የሚባል ሩስያዊ ነው። ጡረታ የወጣ፣ ሽኩና ዩድ አሌፍ የሚኖር፣ ወፍ ብቻ የሚያነሳ ሰው። ሰው አያነሳም። ለምን ብትሉት፣ ወፍ ስልክ ደውላ «ፎቶዬ አስቀየመኝ» አትልም ይላል። ብልህ ሰው ነው። እሱና መኮንን ሲገናኙ የሚያወሩት ስለ ሌንስ ብቻ ነው። ሁለት ገበሬ ስለ በሬ ሲያወሩ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ልክ እንደዚያ። ይኸኛው ትከሻው ጠንካራ ነው፣ ያኛው ቶሎ ይደክመዋል፣ ይኸኛውን ዝናብ አይበግረውም። ምግብ ይዤላቸው ስወጣ እሰማለሁ። የሁለቱም ዕብራይስጥ እንደኔው አንካሳ ስለሆነ ሁሉም ይገባኛል።

ቦሪስ ሦስት ክረምት ሙሉ ወንዙ ዳር በሆዱ ተኝቶ አንዲት ወፍ ጠብቋል። በመጨረሻ መጣች። ቁልፉን ሲጫን ግን ወፏ ክንፏን አራገበች። የቆመችበት ቅርንጫፍ ልጡ እስኪቆጠር ጥርት ብሎ ወጣ፤ ወፏ ግን ጭስ ሆነች። «ማረጋጊያው የሚይዝልህ ያንተን እጅ ነው፤ ወፏን አይደለም» ይለዋል ለመኮንን። መኮንንም አይቶታል። አንዷ ሙሽራ እስክስታ ስትወርድ ከሩቅ አነሳት፤ ከኋላዋ ግድግዳው ላይ ያለው ሚስማር ሳይቀር ተቆጠረ፣ ትከሻዋ ግን ደመና ሆነ። እናትየው ልጄን አጠፋህብኝ ብላ አለቀሰች አሉ።

ክብደቱን ደግሞ አታንሱት። ቦሪስ የሸጠው አንገቱ አልችል ብሎት ነው። መኮንን በቀደም ለሃቪም የሚባል መንደር ድረስ ለድግስ ተጠርቶ ሄደ። ለሃቪም መቼም የሀብታም ቤት ነው፣ አጥር አለው፣ ሳር አለው። መኮንን ቁጥቋጦ ሥር ተንበርክኮ ከሩቅ ሊያነሳ ሲያነጣጥር የቤቱ ጌታ አየውና ዘበኛ ጠራ። ረጅም ነገር የያዘ ጥቁር ሰው ከአጥሬ ሥር አለ አለ። የጠራው ራሱ፣ ቀጠሮ የያዘለት ራሱ። በኋላ ይቅርታ ጠየቀና፣ አያችሁ፣ ሆዴ እንዳይታይ አድርገህ አንሳኝ አለው። መኮንን አነሳው። እኔ ብሆን ሆዱን ብቻ ነበር የማነሳው።

ወደ ነገሬ ልመለስ።

አንድ እሑድ የልጅ ልጄ ሺራ መጣችና ስልኳን አፍንጫዬ ላይ ደቀነችው። «ሳቭታ፣ ታርቃችኋል እንዴ?» አለችኝ በዕብራይስጥ። ሳቭታ አያቴ ማለቷ ነው። ምኑን ነው የምታረቀው ብዬ መነጽሬን አጠለቅሁ። ያየሁትን አልመኝላችሁም። እኔ ነኝ፤ ሰርግ ላይ፣ ነጭ ቀሚሴን ለብሼ፣ አፌን ከፍቼ ስስቅ። ጆሮዬ ሥር ደግሞ ትርንጎ። ትከሻዋ ትከሻዬን ነክቶ፣ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ ምሥጢር ስትነግረኝ። ከሥሩ መኮንን «እህትማማችነት እንዲህ ነው» ብሎ ጽፎበታል። ከዚያ በታች የሰው ምርቃት ብዛቱ፣ ሺራ በጣቷ ብትገፋው ብትገፋው አላልቅ አለ።

እኔ በዚያ ሰርግ ላይ ከትርንጎ ሦስት ጠረጴዛ ርቄ ነው የተቀመጥኩት። አስቀድሜ ለሙሽራው እናት ነግሬ ያስደረግሁት ነው። ከትርንጎ ጋር ሃያ ዓመት ሊሞላን ነው፣ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። ሰፈራችን አንድ፣ ሕንጻዋ ከሕንጻዬ ሁለት አጥር። ቁፓት ሆሊም በሚሉት ክሊኒክ ሐኪም ዘንድ እንኳን ቀን ተከፋፍለናል፤ እሷ ማክሰኞ፣ እኔ ሰኞ። ማንም አላከፋፈለንም፤ ጥል ራሱ ያከፋፍላል። ሽማግሎች በየዓመቱ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይሉኛል። እኔ አልሰርቅምና ሳሌ ማንን ያስቸግራል እላቸዋለሁ።

ምን አድርጋሽ ነው ትሉኝ ይሆናል። እነግራችኋለሁ። በአንድ አውሮፕላን ነው የመጣነው፣ እሷና እኔ። እናቴ ደክማ ጎንደር ቀረች። የትርንጎ ወንድም አለሙም የመግቢያ ፈቃድ አጥቶ እዚያው ቀረ። በመጣን በአራተኛው ዓመት እናቴ ሞተች፤ የቀበራት አለሙ ነው። ደብዳቤው የመጣው ለትርንጎ ነበር። መርዶ እንዴት እንደሚነገር መቼም ታውቃላችሁ። ጎህ ሲቀድ ነው። ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ ሰው ይዞት። ለቅሶ ወገን ይፈልጋል፣ ወለል ይፈልጋል። እኔ የእናቴን ሞት የሰማሁት ቁፓት ሆሊም ወረፋ ላይ ቆሜ፣ ቁጥር በእጄ ይዤ፣ ከአንዲት ሞሮኳዊትና ከአንድ የሚያስል ሽማግሌ መሃል ነው። ትርንጎ መጣች፣ እጄን ያዘች፣ «እናትሽን ነፍሷን ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለችኝ። በቃ። ወለሉ ላይ ስወድቅ ነርሷ ስኳር ነው ብላ ጣቴን ወጋችው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔ የጣቴንም አልረሳሁ።

እንግዲህ ያቺን ትርንጎ ነው መኮንን ጆሮዬ ላይ የለጠፋት።

እሑድና ሰኞ ስልኬ እረፍት አጣ። ከአሽዶድ ተደወለ፣ ከአፉላ ተደወለ። እንኳን ታረቃችሁ፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። አንዷማ ስልኩ ላይ እልል አለች። ውሸት ነው ብል ማን ሊሰማኝ? ፎቶ አይዋሽም ይሉኛል። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ የሚባለው ለእነሱ ነው። ማክሰኞ ጠዋት መኮንን ዕረፍቱ ስለሆነ ልወጣለት ጫማዬን ሳደርግ በሬ ተንኳኳ።

አባ ይስሐቅ ናቸው። የሽማግሎቻችን ታላቅ። ሁለት ፎቅ ወጥተው ትንፋሻቸው ተቆራርጧል። ገብተው አልተቀመጡም።

«ወርቄ፣ ተቀመጪ» አሉኝ።

ሽማግሌ ቆሞ አንቺን ተቀመጪ ሲል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ልጆቼን በልቤ አንድ በአንድ ጠራሁ። ወታደሩ የልጅ ልጄ ላይ ደረስኩ።

«ያንቺ አይደለም» አሉ ቶሎ ብለው። «የትርንጎ ነው። አለሙ አርፏል። ሌሊት ከጎንደር ተደወለልኝ።»

አለሙ። እናቴን ተሸክሞ የቀበረው አለሙ። ፈቃዱን ዘንድሮ፣ ዘንድሮ ሲል የኖረው አለሙ።

«እስካሁን አልሰማችም» አሉ አባ ይስሐቅ። «ዛሬ ዘመድ እንሰብስብና ነገ ጎህ ሲቀድ እንነግራታለን። እስከዚያ ከማንም አፍ እንዳይወጣ። እዚህ እህት የላትም፣ እናት የላትም። ምን እናድርግ ብለን ስንጨነቅ ፎቶውን አየነው። ተመስገን አልን። አጠገቧ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ። የምትነግሪያትም አንቺ ብትሆኚ ይሻላል።»

አፌን ከፈትኩ። አባ ይስሐቅ፣ ፎቶው ውሸት ነው፣ መሃላችን ሦስት ጠረጴዛ ነበር ልል። ያንን ብል ለምን ሦስት ጠረጴዛ ሆነ ይሉኛል። ያንን ብናገር የእናቴን መርዶ እንደገና ወረፋ ላይ ማውጣት ነው። ዝም አልኩ። እሳቸው ዝምታዬን እሺ ብለው ይዘውት ወረዱ። ሰው ሌንስ ባይኖረውም የሚያየው የሚፈልገውን ነው።

በሩን ዘጋሁ። እውነቱን ልንገራችሁ? ያዘንኩት ለአለሙ ነው። ለእሷ አይደለም። ለእሷማ ልቤ ውስጥ አንድ ክፉ ነገር ራሱን ቀና አደረገ። ሃያ ዓመት ስጠብቀው የነበረ ቢላ፣ ሽማግሎች በራሳቸው እጅ አምጥተው ሰጡኝ።

ሁለቱን ፎቅ እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። መኮንን በረንዳው ላይ ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ሰክቶ ከቦሪስ ጋር ቆሟል። አላስተነፈስኩትም።

«አንተ፣ ያንን ፎቶ አውርደው። አውርደህም አትተወው፤ ውሸት ነው፣ አልታረቁም ብለህ ጻፍ። ዛሬውኑ።»

«እማማ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ሦስት ጠረጴዛ በልተሃል።»

ደነገጠ። ከዚያ ገባውና ያስረዳኝ ጀመር። ሰርጉ ሜዳ ላይ ነበር፤ እሱ የሜዳው ጫፍ ድረስ ሄዶ ነው ያነሳን። ሌንሱ ሩቁን ሲስብ መሃል ያለውን ባዶ ያጥፈዋል፤ የኋላው የፊተኛው ላይ ይለጠፋል። እኔ የሳቅሁት ሙሽራው ጫማው ወልቆበት ነው፤ ትርንጎ ጎንበስ ያለችው የወደቀባትን መሃረብ ልታነሳ ነው። እሱ ጥላችንን አያውቅም። ያደገው ሌላ ከተማ ነው፣ ማን ይነግረዋል? «ይዩት እማማ፣ በዓይንዎ ይዩት» አለና ካሜራው ጋ አስጠጋኝ።

አየሁ። መጀመሪያ የማየው ሁሉ ቀስ ብሎ ይዋኛል። መንገዱ ይሄዳል፣ ዛፉ ይሄዳል። እጄን አንስቻለሁ፤ ማንም አልነካውም። ለምን ይንቀሳቀሳል አልኩ። ቦሪስ ሳቀና መኮንንን ገሰጸው። ስንት ጊዜ ልንገርህ አለው። ማቆሚያ ላይ ሲሆን ማረጋጊያውን አጥፋው። ካሜራው ቆሟል፤ ማረጋጊያው ግን መንቀጥቀጥ መፈለግ ሥራው ነው። የሌለውን ሲፈልግ ራሱ ያንቀጠቅጠዋል።

መኮንን ሌንሱ ጎን ላይ ያለች ትንሽ ነገር በጥፍሩ ገፋ። ቀጥ አለ። ሁሉም ነገር ቀጥ አለ።

ያኔ አየኋት። ቁፓት ሆሊም ፊት ለፊት ያለው የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ ትርንጎ ተቀምጣለች። ማክሰኞ ነው ለካ። እጄን ብዘረጋ የምነካት ያህል ነው። ሻርፗ ወደ ኋላ ሸሽቷል፣ ፀጉሯ አልቋል። መቼ አለቀ? የመድኃኒት ከረጢቷን ከጎኗ ወንበሩ ላይ አስቀምጣ፣ ቀኝ እጇን በግራ እጇ ጭምድድ አድርጋ ይዛዋለች። ለምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? እንዳይንቀጠቀጥ ነው። እኔም አውቶቡስ ላይ እንዲሁ ነው የምይዘው።

ወንድሟ ሞቷል። አባ ይስሐቅ ያውቃሉ፣ እኔ አውቃለሁ፤ እሷ አታውቅም። እዚያ ተቀምጣ አውቶቡስ ትጠብቃለች።

አሁን ብወርድስ? ብዬ አሰብኩ። ወርጄ እጇን ብይዝና «ነፍሱን ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብላት? ቁፓት ሆሊም በር ላይ። መድኃኒቷን ከጎኗ እንዳስቀመጠች። ከዚህ የተስተካከለ ፍርድ የት ይገኛል?

ወረድኩ። አትፍረዱብኝ፤ ወይም ፍረዱ። አራቱንም ፎቅ ብረቱን ይዤ፣ ቃሉን ምላሴ ላይ እንደ ትኩስ ድንች እያገላበጥኩ ወረድኩ። መንገዱን ተሻገርኩ። ፊቷ ቆምኩ።

ቀና ብላ አየችኝ።

«ለፎቶው ከሆነ እኔ የለሁበትም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«እኔም ጋ ተደውሏል። እንኳን ታረቃችሁ ይሉኛል።»

«ምን አልሻቸው?»

«አንዳችን ሳንሞት አንታረቅም አልኳቸው።»

«ማናችን?»

«አንቺ ነሻ። ታላቄ ነሽ።»

የሞት ነገር ከእሷ አፍ ሲወጣ አለሙን አሰብኩ። በሁለት ዓመት ብቻ ነው የምበልጥሽ ልል ነበር፤ ተውኩት። ከረጢቷን ከወንበሩ ላይ አነሳች። ተቀመጪም አላለችኝ፣ አነሳች ብቻ። ተቀመጥኩ። አውቶቡሱ ከሩቅ ብቅ ብሏል።

«እኔን ወረፋ ላይ ነው የነገርሽኝ» አልኳት። ሃያ ዓመት ያልወጣ ነገር እንዴት እንደወጣ አላውቅም። «የእናቴን። ሰው መሃል።»

ዞራ አፍጥጣ አየችኝ። «ዓይንሽ ቀልቶ ነበር» አለች።

«ምን?»

«ያን ቀን ዓይንሽ እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር። ደብዳቤውን ለሽማግሎች ሰጥቼ፣ ጎህ ሲቀድ እንነግራታለን ብለውኛል። እኔ ልጄ ታማብኝ አብሬያቸው አልሄድኩም። በኋላ ወረፋው ላይ ሳይሽ ዓይንሽ ቀልቷል። ነግረዋት፣ አልቅሳ፣ ደክሟት ለመድኃኒት መጥታለች ብዬ ነው። አጽናናሁሽ። ምን ላድርግ?»

«ዓይኔን አሞኝ ነበር» አልኩ። «ለጠብታ ነው የተሰለፍኩት።»

«እኔ ምን አውቄ?»

ሽማግሎቹ ያን ቀን ባዶ በር አንኳኩተው መመለሳቸውን ያኔም ሰምቻለሁ። እኔ ቀድሜ ቁጥር ልያዝ ብዬ ገና ሳይነጋ ወጥቼ ነበር። ይህን ከቀይ ዓይን ጋር አንድ ቀን ሰፍቼው አላውቅም። ሁለቱ ጨርቅ ቤቴ ውስጥ ተቀምጦ ሃያ ዓመት ራቁቴን ሄድኩ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ አስጠጋሽኝ? አንዴ መጣሁ፣ በር ዘጋሽብኝ። ቄሱን ላክሁ፣ በቄሱም ላይ ዘጋሽባቸው።»

ቄሱ ላይ እንኳን አልዘጋሁም። አላስገባኋቸውም እንጂ።

አውቶቡሱ ደረሰ። ትርንጎ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። «ጎንደር የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ» አለች፤ ድምፅዋ ቀለል አለ። «ለአለሙ ሹራብ ልገዛለት ነው። ብርዱ ደረቱን እያመመው ነው ብሏል።»

አሁን ንገሩኝ፤ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ቃሉ ምላሴ ላይ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጥርሴን ነከስኩ፣ የቀኝ እጄን በግራዬ ያዝኩ።

«ነገ ብትገዢውስ?» አልኳት።

«ሰውየው ከነገ ወዲያ ይሄዳል። ምን ዓይነት ቀለም ላድርገው?»

«ሰማያዊ» አልኩ።

ወጣች። በመስኮቱ እንደገና አየችኝ፤ እጇን አላወዛወዘችም፤ እኔም አላወዛወዝኩም። አውቶቡሱ ሲሄድ ፌርማታው ላይ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። ፎቶዬን ያነሳኝ ሰው ቢኖር አውቶቡስ ያመለጣት አሮጊት ይል ነበር።

ረቡዕ ጎህ ሳይቀድ ሽማግሎች፣ ሴቶች፣ ሁላችንም የትርንጎ ሕንጻ ሥር ተሰበሰብን። አባ ይስሐቅ ቅደሚ አሉኝ። ቀደምኩ። ደረጃው ላይ የማስበው አነጋገሩን ነው፤ ገብቼ አስቀምጣታለሁ፣ ቀኝ እጇን እይዛለሁ፣ ከዚያ ቀስ ብዬ። አንኳኳሁ። እሷ ናት የከፈተችው፤ የሌሊት ልብሷን ለብሳ። ከኋላዬ ያሉትን አላየችም፤ ያየችው ዓይኔን ነው። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም ነበር፤ ለአለሙም ለእናቴም ሳለቅስ አድሬያለሁ።

«ወርቄ» አለችኝ። «ዓይንሽን አሞሽ ነው?»

«አይደለም» አልኩ።

ያ ነው መርዶው። ሌላ ቃል አልተናገርኩም። ያን ሁሉ አነጋገር ደረጃው ላይ ጥዬው ቀረሁ። ትርንጎ በሩ ላይ፣ ቆማ፣ እንደኔው ያለ ወለል ያለ ወገን ሰማች ማለት ነው። ልዩነቱ፣ እሷን ስትወድቅ ያዝኳት። እጄ አልተንቀጠቀጠም። አየሁት፤ አልተንቀጠቀጠም።

ለቅሶው ከሞቀ በኋላ ሴቶቹ ግድግዳው ሥር አስቀመጧት። እኔን ከጎኗ፤ መሃላችን አንድ ወንበር። ወንበሩ ላይ አንድ ሰማያዊ ሹራብ፣ ዋጋው ገና አልተቀደደለትም። ማንም ሊያነሳው አልደፈረም።

ይህን ጊዜ ነው ስልኮች መጮህ የጀመሩት። አንዱ ኪስ ውስጥ ጢር አለ፣ ሌላው ኪስ ውስጥ ጢር አለ። አባ ይስሐቅ አንዱን ወጣት ምንድነው እሱ አሉት። ልጁ አነበበ፣ ደነገጠ፣ እኔን አየ፣ ትርንጎን አየ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። ሁሉም እኔን ያያል። ደርሶኝ አነበብኩት። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ግን ይህን ለማንበብ ብዙ መማር አያስፈልግም። «ይቅርታ እጠይቃለሁ። እማማ ወርቄና እማማ ትርንጎ አልታረቁም። አጠገብ ለአጠገብ የሚመስሉት በሌንሱ ምክንያት ነው። በመካከላቸው ሦስት ጠረጴዛ አለ። ፎቶውን አውርጃለሁ። መኮንን።»

ዛሬውኑ ብዬው ነበር። ዕረፍቱም ቢሆን ሌሊት ፈረቃ ጠርተውት ኖሮ፣ ሲወጣ ነው ትዕዛዜን የፈጸመው። መኮንን እኮ የታዘዘውን የማይፈጽም ሰው አይደለም።

እሱም ወዲያው በሩ ላይ ብቅ አለ፤ ሥራውን ጨርሶ፣ መርዶውን መንገድ ላይ ሰምቶ ለቅሶ ሊደርስ። ሌንሱን አልያዘም። ሁሉም ሰው ሲያየው ምን እንዳጠፋ ለማወቅ ፊቴን ፈለገ። ከዚያ የሚቀመጥበት ፈለገ። ቤቱ ሙሉ ነው፤ ያለው ክፍት ቦታ በእኔና በትርንጎ መሃል ያለው ወንበር ብቻ ነው። ወደዚያው መጣ።

ሹራቡን አነሳሁና ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። ወንበሩን በእግሬ ግድግዳው ጥግ ድረስ ገፋሁት። ተጠጋሁ፣ ትከሻዬ ትከሻዋን እስኪነካ። መኮንን ቆሞ ቀረ።